የጽጌ አውራ ጣት

ሙት ተነሣ፣ መንፈስ ታየ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ ያውም በባዶ ድፍረት አይደለም፣ ምክንያት ነበረኝ። አባቴ ጎረቤላ አጠገብ ባለ ደብር መሪጌታ ነበሩ፣ ያደግሁት ጠበል ቦታ ነው፣ ጠበል ሲረጩበት «ወጣሁ! ለቀቅሁ!» እያለ የሚጮኸውን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ ስለኖርኩ፣ የትኛዋ በእውነት እንደታመመች፣ የትኛዋ ደግሞ ከባሏ ተጣልታ ጥቂት ማረፍ እንዳማራት ከሩቅ እለይ ነበር። አባቴም የዋዛ አልነበሩም። ሰው መጥቶ «መሪጌታ፣ በሬ ሲንኳኳ አደረ» ቢላቸው «ንፋስ ነው» ይሉታል፣ «የሞተችው እናቴ በስሜ ጠራችኝ» ቢላቸው «ንፋስ ነው፣ ሂድና እርሻህን እረስ» ይሉታል። እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ። ይህን ካወቃችሁልኝ በኋላ የምነግራችሁን ስሙኝ፣ ባታምኑኝም አልቀየማችሁም፣ በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ደብረ ብርሃን ገና እንዲህ ሳትሰፋ። ደምሴ የሚባል የሂሳብ አስተማሪ አገባሁ። ደግ ሰው ነው፣ አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ደሞዙን አምጥቶ እጄ ላይ ያስቀምጣል፣ አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፣ ከእኔ በፊት ሚስት ነበረችው። ጽጌ ትባላለች። ሳንባዋን ታማ ሞታበት ሐዘኑን ከጨረሰ በኋላ ነው እኔን ያገባኝ፣ እኔም የሞተች ሴት ምን ታደርገኛለች ብዬ ገባሁ። አይ የዋህነት! በሕይወት ያለች ጣውንት እኮ ትሻላለች፣ ቢያንስ ወጥ ታሳርራለች፣ ትነጫነጫለች፣ ታረጃለች፣ የሞተችዋ ግን አንዲት ስሕተት ሳትሠራ እንዳማረባት ትኖራለች።

ደምሴ አንድ ሱስ ነበረው። አብሮት ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ትንንሽ አውሮፕላን እያጣበቁ የሚሠሩበትን ቁርጥራጭ በትልቅ ሣጥን ሞልቶ ትቶለት ሄዶ ነበር፣ ክንፉ ለብቻ፣ ጅራቱ ለብቻ፣ ጎማው የምስር ፍሬ የሚያክል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ እሱ ላይ ይደፋል። አውሮፕላኑ ተጣብቆ፣ ቀለም ተቀብቶ ካበቃ በኋላ ደግሞ ልጥፍ የሚባል ነገር አለ። ወረቀት ላይ ያለ ስስ ሥዕል ነው፣ ኮከብ፣ ቁጥር፣ ቀይ መስመር፣ በምላጭ ይቆርጡትና ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፣ ጥቂት ቆይቶ ሥዕሉ ወረቀቱን ይለቃል፣ ያኔ በአውራ ጣት እየገፉ ክንፉ ላይ ያንሸራትቱታል፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ይጫኑታል፣ ሲደርቅም ቫርኒሽ ከላይ ቀብተው ያሽጉታል። ካልታሸገ ውሎ አድሮ ይሰነጠቅና ይፈረፈራል። ሲለጠፍ አየር ከሥሩ ከቀረበት ደግሞ ቋቁቻ እንዳለበት ቆዳ ነጭ ነጭ ይላል።

የእኔ ሁልጊዜ ቋቁቻ ያወጣ ነበር። ውሃውን ለብ አደርጋለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ደምሴ እንዳሳየኝ ከመሀል ወደ ዳር እጫናለሁ፣ ሲደርቅ አየዋለሁ፣ ነጭ ነው። ደምሴ አይቆጣኝም፣ ምነው በተቆጣኝ፣ «ግድ የለም ዘኑ፣ ትለምጂዋለሽ፣ ጽጌም እኮ መጀመሪያ ላይ...» ይልና ይተወዋል፣ ምክንያቱም ጽጌ መጀመሪያም አልተበላሸባትም። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ደግሞ ሊጠይቁኝ በመጡ ቁጥር ቀና ብለው ጣሪያውን ያዩና «የጽጌ እጅ እኮ! የረጋ እጅ ነበር፣ የነካችው ሁሉ ያምርላታል» ይላሉ፣ ያቀረብኩላቸውን ንፍሮ እየቃሙ።

ጣሪያውን የሚያዩት ለምን መሰላችሁ? ደምሴ የሠራቸውን አውሮፕላኖች ሁሉ በክር እያሰረ ከጣሪያው ያንጠለጥላቸዋል፣ ልክ ከምንበላበት ጠረጴዛ በላይ የተንጠለጠለችው ደግሞ ጽጌ የለጠፈቻት ናት። ነጭ አውሮፕላን፣ ጎኗ ላይ ቀይ መስመር፣ ክንፏ ላይ ኮከብ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የተለጠፈ ሳይሆን አብሮ የተፈጠረ ይመስላል፣ ጠላቴም ብትሆን ሥራዋን አልክድም። ለጥፋ ሳታሽገው ታመመች፣ ከአልጋም ሳትነሣ ቀረች፣ እሱም ከዚያ ወዲህ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። እንግዲህ እኔ ጠዋት ማታ እንጀራ የምቆርሰው ከእሷ ክንፍ ሥር ነው።

የጽጌ አውራ ጣት ታሪክም አለ፣ ከሁሉ የሚያበግነኝ እሱ ነው። የመጀመሪያውን ልጥፍ ስትቆርጥ ምላጩ ግራ አውራ ጣቷን ሸርከት አደረገውና ደምሴ መሐረቡን ቀድዶ አሰረላት፣ እስክትድንም ድረስ በየቀኑ እሱ ነበር የሚፈታውና የሚያስረው፣ ጠባሳው እንደ ቀጭን መስመር በአግድም ቀርቶ ነበር፣ ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው፣ ሳልጠይቀው። እኔን ምላጭ የቆረጠኝ ቀን ምን አለኝ መሰላችሁ? «ተጠንቀቂ፣ ደሙ ልጥፉን እንዳይነካው!»

ሰኔ ገባ፣ የወላጆች ቀን ደረሰ። አንድ ቀን ማታ እራት በልተን ስናበቃ ደምሴ ፍርፋሪውን በጣቱ እየሰበሰበ ወሬ ጀመረ።

«የአውራጃው ገዥ ይመጣሉ አሉ። ዳይሬክተሩ አንድ አውሮፕላን ይዘህ ና ብሎኛል።»

«ታዲያ አዲሱን ውሰዳ» አልኩት። አዲሱን ሁለታችን ነበርን የሠራነው፣ ክረምቱ ሳይገባ እንጨርሰው ብለን።

ቀና ብሎ ከጠረጴዛው በላይ ያለችውን አየ። «የጽጌን ልውሰድ ብዬ ነበር። ልጥፉ ግን መሰንጠቅ ጀምሯል፣ ካልታሸገ ይረግፋል። አንቺ ቫርኒሽ ቀቢልኝ ዘኑ፣ እኔ ስነካው እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ሌላ ጊዜ የማይንቀጠቀጥ እጅ!»

«ዘኑ...»

«እሺ፣ እቀባልሃለሁ። ከወላጆች ቀን በኋላ ግን ከማዕዴ ላይ ትውረድልኝ። ካልወረደች እኔ ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ፣ ሄጄም አልመለስም።»

ደምሴ ሳህኑን አንሥቶ ሄደ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አስቡት፣ የጣውንቴን ሥራ ለዘላለም እንዳይረግፍ አድርጌ በገዛ እጄ ላሽግላት ነው፣ ገዥው ያደንቁላታል፣ ደምሴም ልቡ ያብጥና መልሶ ከራሴ በላይ ይሰቅላታል፣ ያን ጊዜ ጓዜን ከመጠቅለል በቀር ምን ይቀርልኛል?

በማግስቱ ምሳ በልቶ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን ዘግቼ አውሮፕላኗን አወረድኳት። ከጣርማ በር በኩል የመጣ ጉም ግቢያችንን አልብሶት ነበር፣ በቀን ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን አያይም፣ በጉሙ ላይ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቫርኒሽ ከመቀባት በፊት አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ መስኮቱ ደፍ ላይ ከተደረደሩት ጠርሙሶች አንዱን አንሥቼ ውሃ በሳህን ቀዳሁ፣ ጨርቁን ነክሬ ጨመቅሁት፣ ክንፏንም ቀስ ብዬ ዳሰስኩት።

ልጥፉ ለቀቀ። እመኑኝ፣ ያን ያህል ዘመን የደረቀ፣ የተሰነጣጠቀ ልጥፍ በእርጥብ ጨርቅ ቢነካ ይፈረፈራል እንጂ እንዲያ አይለቅም፣ ይኼ ግን ዛሬ የተነከረ ይመስል ኮከቡ እንደ ኮከብ፣ መስመሩ እንደ መስመር ሆኖ ተንሸራተተና ሳህኑ ውስጥ ገብቶ ተንሳፈፈ። ደምሴ ምን ይለኛል ብዬ ደነገጥሁ፣ ከዚያ ደግሞ ምን ያስደብቀኛል፣ ደስ አለኝ! ራሷ ወረደችልኝ፣ እኔ አልፋቅኋት፣ እንዲያውም ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ሣጥኑ ውስጥ የዚያው ዓይነት አውሮፕላን ልጥፍ ሌላ ወረቀት እንዳለ አውቅ ነበር፣ ሄጄ አወጣሁት፣ ቆረጥኩት፣ እዚያው ሳህን ውስጥ ከእሷ ልጥፍ አጠገብ ነከርኩት።

ዝናቡ ያን ጊዜ ቀጥ አለ። ቆርቆሮ ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ዝናብ ድንገት ሲያቆም ጆሮ ይከፈትና የቤቱ ድምፅ ሁሉ ይሰማል። መጀመሪያ የሰማሁት የክር ድምፅ ነው፣ ክር በጣም ሲወጠርና ሲዞር ጢስስ የሚል ነገር አለው፣ ቀና ስል አውሮፕላኖቹ በያሉበት ቀስ ብለው እየዞሩ ነው፣ መስኮቱ ዝግ፣ በሩ ዝግ። ንፋስ ነው አልኩ በአባቴ ቃል። ንፋስ ግን አንዱን ወደዚህ አንዱን ወደዚያ ያዞራል እንጂ ሁሉንም አፍንጫቸውን ወደ አንድ ጠረጴዛ አያዞርም። እኔ ወዳለሁበት ዞረው ቆሙ።

ልጥፌን አንሥቼ ክንፉ ላይ አስቀመጥሁት፣ ዓይኔ ከጣሪያው ስላልተነቀለ ጠማማ ሆነብኝ። ላስተካክለው ስል፣ እኔ ሳልነካው፣ ኮከቡ ውሃው ላይ ዞር አለና ተቃና። ከዚያ አንዲት ሳል ሰማሁ፣ ትንሽ፣ ደረቅ፣ ሰው ሥራውን ላለማቋረጥ ብሎ አፉን ዘግቶ የሚስላትን ዓይነት።

«ማነው? እትዬ ሙሉ?» አልኩ።

ከዚያ ጨርቅ ነገርን ሲጫን የሚያሰማው ድምፅ፣ ሽር፣ ሽር፣ ከመሀል ወደ ዳር። የእኔ ጨርቅ ጭኔ ላይ ነው። ልጥፉ ግን ዓይኔ እያየ እየተደላደለ፣ ከሥሩ ውሃው በየዳሩ እየወጣ፣ ከክንፉ ጋር አንድ ሆነ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ ሳይቀርበት።

ፈራሽ ወይ ብትሉኝ ፍርሃቱ የመጣው በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ንዴት ነው። ስንት ወር ስለፋበት የኖርኩትን፣ አንዴ እንኳ ቋቁቻ ሳይወጣበት ቢሆንልኝ ብዬ የተመኘሁትን፣ መጥታ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጥፌ ልትሠራብኝ! ተነሥቼ ጮህኩ።

«ይኼ የኔ ቤት ነው! ሥራውም የኔ ነው! እጅሽን አንሺ!»

ሳሉ አልተደገመም። ጨርቁም ቆመ። ከሣጥኑ ቫርኒሹን አውጥቼ፣ ልጥፉ ይድረቅ አይድረቅ ሳልል፣ ብሩሹን ነክሬ ክንፉን ከዳር እስከ ዳር ቀባሁት፣ ሳትመለስ ልዝጋባት ብዬ ነው መሰለኝ። ብሩሹን አስቀምጬ ስመለስ በእርጥቡ ቫርኒሽ ላይ፣ ልክ ከኮከቡ ጎን፣ የአውራ ጣት አሻራ ተቀምጦ አገኘሁ። ከእኔ ያነሰ ነው፣ መሀሉን በአግድም አንድ ቀጭን መስመር ቆርጦታል። ጣቶቼን አየኋቸው፣ አንዱንም ቫርኒሽ አልነካውም፣ ጠባሳም የለብኝም። ወደ ሳህኑ ዞርኩ፣ የጽጌ ልጥፍ የለም። ጨርቁን አራገፍኩ፣ ጠረጴዛውን ገለበጥኩ፣ ወለሉን በእጄ ዳሰስኩ፣ ሳህኑ ውስጥ ያለው ንጹህ ውሃ ብቻ ነው።

ደምሴ ሲገባ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። እኔን አላየኝም፣ አውሮፕላኗን አነሣ፣ ወደ መስኮቱ ወሰዳት፣ አዘነበላት፣ ከዚያ አሻራውን አየ። የራሱን ጣት ሊያስቀምጥበት ፈልጎ ሳይነካው ተወው።

«ጽጌ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ቤቱ ሲገባ የሚስቱን ስም እንደሚጠራው።

«እኔ ነኝ የለጠፍኩት!» አልኩት። «የእሷ በውሃ ለቀቀ፣ ወደቀ፣ ጠፋ። ይኼ የኔ ነው!»

«የአንቺማ ነጭ ነጭ ይላል፣ ዘኑ» አለኝ። እመኑኝ፣ በክፋት አይደለም፣ የሂሳብ አስተማሪ ነው፣ ያየውን ነው የተናገረው። ያቺ ቃል ግን እስከ ዛሬ እዚህ ላይ አለች፣ ልቤ ላይ።

ከዚያ ዓይኑ ጠርሙሱ ላይ ወደቀ። «ይኼ አባትሽ የላኩልን ጠበል አይደለም እንዴ? ምነው ተጋመሰ?»

እናንተዬ፣ እኔ የመሪጌታ ልጅ፣ የተረፈ ጠበል እንኳ እግር በማይረግጠው ቦታ ተጠንቅቄ የምደፋ፣ ለአውሮፕላን አቧራ ጠበል ቀድቼ! የጠበሉም የውሃውም ጠርሙስ የአረቄ ጠርሙስ ነው፣ በጉሙ ጨለማ አልለየሁትም። ጠበል ደግሞ ሰው ላይ ሲፈስ የተደበቀውን እንደሚያስለፈልፍ፣ «ማን ነሽ? ስምሽን ተናገሪ» ሲባል ውስጥ ያለችው እንደምትናገር፣ ከልጅነቴ ስስቅበት የኖርኩት ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁበትም።

የወላጆች ቀን ደረሰ፣ የአውራጃው ገዥ አውሮፕላኗን እያገላበጡ «ይኼን የሚያህል ሥራ ማን ለጠፈው?» አሉ። ደምሴ «ባለቤቴ ናት» አለ፣ ሕዝቡም ወደ እኔ ዞሮ አጨበጨበ፣ እትዬ ሙሉ ብቻ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር፣ ለማን እንደሚያለቅሱ ለእኔ መንገር አያስፈልግም። ደምሴም ቃል ሳይገባልኝ ቃሉን ጠበቀ፣ አውሮፕላኗን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ፣ ከጠረጴዛው በላይም ባዶ ክር ብቻ ቀረ። አሸነፍሁ አልኩ። ጓዜን አልጠቀለልኩም።

አንድ ጠዋት ሽንኩርት ስልጥ ጭማቂው ግራ አውራ ጣቴን ለበለበኝ። ቢላ ነካኝ እንዴ ብዬ አየሁት፣ ደም የለም፣ ቁስል የለም፣ ግን በአግድም አንድ ቀጭን መስመር አለ። ድመት ቧጭራኝ ይሆናል፣ እሾህ ይሆናል አልኩ፣ ምክንያት ሳበዛ ሰነበትኩ፣ መስመሩ ግን ቁስል ሳይኖረው ጠባሳ ሆኖ ቀረ፣ ሳሻሸው ይለሰልሳል፣ ቫርኒሽ እንደተቀባ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል።

ክረምቱ ሲወጣ ለመስቀል ጎረቤላ ወረድኩና ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጣቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ብዙ አዩት። «ንፋስ ነው» እስኪሉኝ ጠበቅሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ያህል የናፈቀኝ ቃል አልነበረም።

«ባልሽ አይቶታል?» አሉኝ።

«አይቶታል፣ አባባ።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለ። ብቻ ከዚያ ወዲህ እጄን ይይዘኛል።»

አባቴ እጄን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑልኝና ስለ በጎቹ ማውራት ጀመሩ።

ይኸው ዘመን አልፎ እኔም ደምሴም አርጅተናል፣ አውሮፕላኖቹም ከጣሪያው ከወረዱ ቆይተዋል፣ ልጆቻችን ተጫውተውባቸው ሰባብረዋቸዋል። ደምሴ ዛሬም ከእራት በኋላ አጠገቤ ይቀመጥና እጄን ይይዛል፣ ሰው ሲያየን «አይ ፍቅር!» ይላል። ሳገባው የተመኘሁት ይህንኑ ነበር። ግን ሁልጊዜ ግራውን ነው። ያችን መስመር በጣቱ ከመሀል ወደ ዳር እየደባበሰ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ በገዛ እጄ እቀናለሁ። አንዳንዴ ግራዬን ነጠላዬ ውስጥ እደብቅና ቀኙን እሰጠዋለሁ። ትንሽ ይዞት ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጉልበቴ ላይ ያስቀምጥልኝና፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ሌላኛዋን ይፈልጋል።